ጉልበትሽ ድኗል ይሉኛል፤ ተከላካይ ስትመጣ ግን ወደ ውስጥ መታጠፍ አልቻልኩም

የቀኝ ክንፏ፦

ሰላም ናችሁ? እዚህ ቤት አነባለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የሴቶች ቡድን ቀኝ ክንፍ እጫወታለሁ፣ ወይም እጫወት ነበር። ባለፈው ዓመት የቀኝ ጉልበቴ ኤሲኤል፣ ማለትም ጉልበትን ከውስጥ የሚያጸናው ጅማት፣ ተበጠሰ። ማንም አልነካኝም። ኳስ ተቀብዬ ወደ ውስጥ ልገባ ቀኝ እግሬን ስተክል ታኬታዬ አርቴፊሻሉ ሣር ላይ ተያዘ፤ ሰውነቴ ዞረ፣ እግሬ አልዞረም። ድምፁን አጠገቤ የነበረችው ተከላካይ ሳትቀር ሰምታዋለች። ኦፕራሲዮን ተደረግሁ፣ ከጭኔ ጀርባ ጅማት ወስደው ተኩልኝ፣ አሁን አሥር ወር አልፎኛል።

ሐኪሙ ኤምአርአዩን አይቶ «ጨርሰሻል፣ ተጫወቺ» አለኝ። ቀጥታ ስሮጥ ምንም አይሰማኝም። ኮን ደርድረውልኝ በመሃል በመሃሉ እየተጠማዘዝኩ እሮጣለሁ፣ ያውም በፍጥነት። እርስ በርስ መጫወት ስንጀምር ግን ሌላ ሰው ነኝ። ተከላካይዋ ፊቴ ቆማ ወደ ግራ ቆርጬ መግባት ሲኖርብኝ፣ እግሬ ገና መሬት ሳይነካ ሐሳቤ በሙሉ ጉልበቴ ላይ ይወድቃል። ቆም እላለሁ፣ ወደ ኋላ አቀብላለሁ። ሁልጊዜ ወደ ኋላ። የቡድኔ ልጆች ስለለመዱት ኳሱ እኔ ጋ ሲደርስ ቀድመው ከኋላዬ ይቆማሉ፤ እሱ ነው በጣም የሚያበሳጨኝ።

አሰልጣኜ «ልብሽን ኦፕራሲዮን ክፍል ረስተሽው መጣሽ እንዴ?» ይለኛል። እናቴ ጸበል ወስዳኛለች፣ ደስ ብሎኝ ነው የሄድኩት፤ አሁን ግን እሷም «ተይው በቃ፣ ትምህርትሽን ቀጥይ» ማለት ጀምራለች። ጥያቄዬ ይሄ ነው፤ ችግሩ ጉልበቴ ነው ጭንቅላቴ? ጭንቅላቴ ከሆነስ እንደ ጡንቻ የሚሠራበት ልምምድ አለው? ወይስ ድፍረት ያለው አለው፣ የሌለው የለውም ነው ነገሩ?

ሳሚ ሰሚት፦

አይዞሽ እህቴ፣ የአጎቴ ልጅም እንዲሁ ሆኖ ነበር። ጊዜ ይፈታዋል። ፕሮቲን በደንብ ብዪ።

ፊዚዮ ገርጂ፦

ሳሚ፣ ፕሮቲኑን ትብላ። ጊዜ ብቻውን ግን ይሄን አይፈታውም፤ እንዲያውም ወደ ኋላ ማቀበሉን ያስለምዳታል።

እህቴ፣ በሥራዬ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፣ የኳስ ልጆች ጉልበት ላይ ብዙ ውያለሁ። በመጀመሪያ ደረጃ ብቻሽን አይደለሽም። ክሌር አርደርን የተባለች ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2014 ከ7,000 በላይ የኤሲኤል ታካሚዎችን ውጤት ከብዙ ጥናቶች ሰብስባ ነበር። ከመቶ 81ዱ ወደ አንድ ዓይነት ስፖርት ተመልሰዋል። ከጉዳቱ በፊት ወደነበሩበት ደረጃ የተመለሱት 65 ናቸው። ወደ ውድድር የተመለሱት 55 ብቻ! ከቀሩት ውስጥ ጉልበታቸው በምርመራ ደህና የሆነ ብዙዎች አሉ። ስለዚህ «ልብ የላትም» የሚለው ፍርድ ከታካሚዎቹ ግማሽ ለሚጠጋው ሰው የተሰጠ ነው ማለት ነው።

«ጉልበት ነው ጭንቅላት?» ብለሽ መክፈልሽን ግን አልቀበልም። የተበጠሰብሽ ጅማት ገመድ ብቻ አልነበረም። ውስጡ የነርቭ ጫፎች ነበሩት፤ ጉልበትሽ የት እንዳለ፣ ስንት እንደታጠፈ ሳታዪው ለአንጎልሽ ይነግሩ ነበር። ከጭንሽ ተወስዶ የተተከለው ጅማት ጉልበቱን ያጠብቀዋል፣ ያንን ወሬ ግን እንደ ድሮው አያደርስም። አንጎል ደግሞ ወሬ ሲያጣ ዝም ብሎ አይቀመጥም፣ ከሌላ ቦታ ይፈልጋል። ኤሲኤላቸው የተጠገነ ሰዎች እግራቸውን ሲያንቀሳቅሱ አንጎላቸውን በኤምአርአይ ያዩ ጥናቶች፣ የማየት ሥራ የሚሠራው ክፍል ከጤነኞቹ የበለጠ ሲሠራ አግኝተዋል። በአጭሩ፣ እግርሽን በዓይንሽ መምራት ጀምረሻል።

አሁን ወደ ኮኖችሽ ተመለሺ። ኮን አይንቀሳቀስም፣ አያታልልም፣ ሸርተቴ አይወርድብሽም። ስለዚህ ዓይንሽ ነፃ ነው፤ አንዴ ኮኑን፣ አንዴ እግርሽን እያየ ያደርስሻል። ተከላካይ ስትመጣ ግን ዓይንሽ የእሷን ወገብ፣ ኳሱን፣ ሳጥን ውስጥ የምትሮጠውን አጥቂ ማየት አለበት። በዚያች ቅጽበት ጉልበትሽ ጠባቂ አጣ። የሚሰማሽ ፍርሃት ይሄ ነው። ፈሪ ስለሆንሽ አይደለም፤ ሜዳ ላይ የሚያስፈልግሽን ነገር ኮን አላስተማረሽም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ልምምድ ስትሠሪ መስታወት ፊት አቁመው «ጉልበትሽ ወደ ውስጥ እንዳይገባ እዪው» ይሉሽ ነበር? እኛ ፊዚዮዎች ሁላችንም እንላለን። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጥሩ ነው። እስከ አሥረኛው ወር ከቀጠለ ግን ታካሚውን የጉልበቱ ዘበኛ አድርጎ ያስቀረዋል።

መፍትሔው ብዙ ጊዜ ሐሳብን ከሰውነት አውጥቶ ውጭ ያለ ነገር ላይ ማሳረፍ ነው። ይሄን ጉዳይ ዋና ሥራዋ ያደረገችው ተመራማሪ ጋብሪኤለ ቩልፍ ናት። ሐሳቡ የመጣላት ዊንድሰርፊንግ፣ ሸራ ባለው ሰሌዳ ውሃ ላይ መንሸራተት፣ ስትለማመድ ነው፤ ስለ እግሯና ስለ እጇ ስታስብ ትወድቃለች፣ ስለ ሰሌዳው መዘንበል ስታስብ ይሳካላታል። እ.ኤ.አ. በ1998 ከባልደረቦቿ ጋር ያወጣችው ጥናት የበረዶ ሸርተቴ መለማመጃ መሣሪያ ላይ ነበር። ለአንዱ ቡድን «በውጭኛው እግራችሁ ግፉ»፣ ለሌላው «ከእግራችሁ ሥር ያሉትን ውጭኛዎቹን ጎማዎች ግፉ» ተባለ። ጎማውና እግሩ አንድ ቦታ ናቸው እኮ! ግን ስለ ጎማው ያሰቡት በተሻለ ተማሩ። ከዚያ ወዲህ በኤሲኤል ታካሚዎች ላይም ተሞክሯል። አልሊ ጎክለርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት አነስተኛ ጥናት 16 ታካሚዎች በአንድ እግር ወደ ፊት ሲዘሉ፣ ሐሳባቸው ውጭ ሲሆን ጉልበታቸው የበለጠ እየታጠፈ አረፉ። ጉልበቱን እጠፍ ሳይባል ታጠፈ ማለት ነው። የሚያስፈራን በደረቅ እግር ማረፍ ስለሆነ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

ላንቺ ሲሆን እንዲህ ነው። «ጉልበቴ ይታጠፍ» ማለቱን ተዪውና «ሳርፍ ድምፅ አይሰማ» በዪ። «ቀኝ እግሬን ልትከል» ከማለት «መሬቱን ወደ መስመሩ ልግፋው»። ስትታጠፊ ደረትሽ ላይ ያለው የማልያ ቁጥር ወደ ሩቁ የጎል ቋሚ ይዙር። አንድ ቃል ብቻ ምረጪ፤ ሦስቱን ባንድ ላይ ካሰብሽ ሌላ ጭንቀት ገዛሽ።

ከዚያ ዓይንሽን ቀስ በቀስ ከእግርሽ መንጠቅ ነው። መጀመሪያ የትኛው አቅጣጫ እንደምትታጠፊ እያወቅሽ። ቀጥሎ ጓደኛሽ ፊት ለፊት ቆማ፣ ልትተክዪ ስትይ እጇን ግራ ወይ ቀኝ ታንሳ፤ አንቺ እሷን እያየሽ ታጠፊ። ቀጥሎ ጓደኛሽ እየተራመደች፣ ከዚያ እየሮጠች፣ መጨረሻ ላይ ኳስ ልትነጥቅሽ ትምጣ። ከአንዱ ወደ ሌላው የምታልፊው ሳምንቱ ስላለቀ አይደለም፣ እግርሽን ማየት ስትተዪ ነው።

ሌላው በሐሳብ መለማመድ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ጥንቆላ ይመስለዋል። ኩፓልና ብሩወር እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጡት ጥናት 30 የኤሲኤል ታካሚዎች ነበሩ፤ ከተለመደው ሕክምና በተጨማሪ የመዝናናትና የምናብ ልምምድ ያደረጉት በ24ኛው ሳምንት ጉልበታቸው የበለጠ ጠንክሮ፣ ሕመማቸውና እንደገና እጎዳለሁ የሚለው ስጋታቸው ቀንሶ ተገኝቷል። ከዚህ የሚገርመው እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ነው። ጤነኛ ሰዎች የእጅ አንጓቸው ለአራት ሳምንት ታስሮ ተቀመጠ። ምንም ያላደረጉት ከእጃቸው ጥንካሬ 45 በመቶ ያህል አጡ፤ በሐሳባቸው ብቻ ጡንቻውን ሲያጠብቁ የሰነበቱት ግን 24 በመቶ ያህል ብቻ። ታስሮ የተቀመጠ እጅ ነው እንግዲህ!

አደራረጉ ላይ ግን ጥንቃቄ አለው። አልጋ ላይ ተጋድመሽ እንደ ፊልም ራስሽን ከሩቅ ማየት አይደለም። ታኬታሽን አድርገሽ፣ ሜዳው ላይ ቆመሽ፣ በገዛ ዓይንሽ እንደምታዪው፣ በእውነተኛው ፍጥነት። የአርቴፊሻሉ ጎማ ሽታ ሳይቀር። ደግሞም መታጠፉ ላይ አታቁሚው፤ አልፈሻት ኳሱ ከእግርሽ እስኪወጣ አድርሺው። የተጎዳሽባትን ቅጽበት መልሰሽ መላልሰሽ ካየሽ ግን የምትለማመጂው ጉዳቱን ነው።

አሁን ዋናው ጥያቄ። የጭንሽን ጥንካሬ ማን ለካው? ስንት ነው?

የቀኝ ክንፏ፦

ወንድሜ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁለቴ አነበብኩት። የመስታወቱን እንዴት አወቅህ? እስካሁን እቤት የቁም ሳጥኑ መስታወት ፊት ነው የምሠራው።

የጭኔን ጥንካሬ በመሣሪያ የለካኝ የለም። ሐኪሙ እግሬን በእጁ ገፍቶ «ግፊ» አለኝ፣ ገፋሁ፣ «ጎበዝ» አለኝ። በቃ እሱ ነው።

ፊዚዮ ገርጂ፦

«ጎበዝ» ቁጥር አይደለም። የሰው እጅ የእግርን ጥንካሬ መለየት የሚችለው እስከ ተወሰነ ድረስ ነው፤ ሩቡን ያጣ ጭንም የሐኪምን እጅ ያሸንፋል።

ስለዚህ የጻፍኩልሽን ሁሉ ለጊዜው አቆዪውና መጀመሪያ ተለኪ። ኤምአርአይ ጅማቱ መኖሩን ያሳያል እንጂ ጡንቻው መሥራቱን አያሳይም። ጉልበት ሲያብጥ የፊት ጭን ጡንቻ በራሱ ይዘጋል፣ አንቺ ብትፈልጊም ባትፈልጊም፤ ነርቩ ነው የሚዘጋው። እብጠቱ ከሄደ በኋላም ዘግይቶ ነው የሚከፈተው። አንዳንዴ ፍርሃት የሚባለው ነገር ሰውነት ትክክለኛ ሒሳብ ሠርቶ «ይሄ እግር አይሸከምሽም» ማለቱ ነው። ያንን በምናብ ልምምድ ዝም ማሰኘት አልፈልግም፤ አደጋ ነው።

ልዩ መሣሪያ ያለበት ቦታ ካገኘሽ ጥሩ። ካላገኘሽ ጂም ውስጥ ተቀምጠሽ እግር የምትዘረጊበት ማሽን አለ፤ ፊዚዮሽ ባለበት አንድ አንድ እግር እየለያችሁ ስንት ኪሎ እንደምታነሺ አወዳድሩ። ከዚያ በአንድ እግር ዘለሽ ርቀቱን በሜትር። የተጎዳው ከደህናው ቢያንስ 90 በመቶ እንዲደርስ ነው የምንፈልገው። ወደ ጨዋታ ለመመለስ ዘጠኝ ወር ይጠበቅ የምንለውም በዘፈቀደ አይደለም፤ አሜሪካ ደላዌርና ኖርዌይ ኦስሎ ላይ የተሠራው ጥናት፣ እስከ ዘጠነኛው ወር ድረስ መመለሱ በዘገየ በእያንዳንዱ ወር እንደገና የመጎዳቱ መጠን በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል። ወሩን አልፈሻል፣ ጥንካሬውን ግን አናውቅም።

ለጭንቅላቱም መለኪያ አለ። ኬት ዌብስተርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጡት የ12 ጥያቄ መጠይቅ ነው፤ ስለ ስሜትሽ፣ ስለ በራስ መተማመንሽ፣ እንደገና እጎዳለሁ ስለሚለው ሐሳብሽ ይጠይቅና ከ0 እስከ 100 ይሰጥሻል። ፊዚዮሽን ጠይቂው፣ ካላወቀው አብራችሁ ሙሉት።

የድሮ አሰልጣኝ፦

ልጄ፣ እኔ ሠላሳ ዓመት ልጆች አሠልጥኛለሁ። ይሄ መጠይቅ፣ ምናብ፣ ውጭ አስቢ፣ ውስጥ አታስቢ… የፈረንጅ ጨዋታ ነው። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሲሮጥ የትኛው ሳይኮሎጂስት ነው የመከረው? ተጫዋች ሲፈራ ይጮኽበታል፣ ይናደዳል፣ ይገባል። አለቀ።

ፊዚዮ ገርጂ፦

ጋሼ፣ አበበን ማንሳትዎ ደስ ብሎኛል። ሮም ላይ ከውድድሩ በፊት ከአሰልጣኙ ከኦኒ ኒስካነን ጋር መንገዱን አይተውት ነበር። የእኛው የአክሱም ሐውልት ያኔ እዚያው ከመጨረሻው መስመር ብዙም ሳይርቅ ቆሞ ነበር፤ ፍጥነት የሚጨምረው ከእሱ አካባቢ እንዲሆን አስቀድመው እንደመከሩ ይነገራል። መንገዱን ቀድሞ ማየት፣ ማምለጫውን መምረጥ፣ ከባዶ እግሩ ይልቅ ሐውልቱን ማሰብ፤ እኔ የጻፍኩት ከዚህ ምን ይለያል? የጎደለው የፈረንጅ ስም ብቻ ነው።

ደግሞ ስለ አበበ የሚዘነጋ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1969 በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ከሆነ በኋላ የታከመው እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ነው። ቦታው ዝም ብሎ ሆስፒታል አልነበረም። ሐኪሙ ሉድቪግ ጉትማን አከርካሪያቸው የተጎዳ ሰዎችን ቀስት በማስወርወር የሚያክመው እዚያ ነበር፤ የለንደን ኦሎምፒክ በተከፈተበት ቀን፣ ጁላይ 29 ቀን 1948፣ በዊልቸር የቀስት ውድድር የጀመረውም እዚያው ነው። ቀስት የላይኛውን አካል ያጠነክራል፣ ሚዛን ያስጠብቃል። ዒላማው ደግሞ ውጭ ነው ያለው፤ ታካሚው ስለማይታዘዘው እግሩ ሲያስብ አይውልም። አበበ እ.ኤ.አ. በ1970 እዚያ በቀስት ተወዳድሯል። ታዲያ ጋሼ፣ ማን ጮኸበት?

መጮኽን በሙሉ አልቃወምም። የደከመ ይነቃበታል። የእሷ ችግር ግን ድካም አይደለም። «ልብሽ የት ሄደ» ሲባል ሐሳቧ ከተከላካይዋ ወጥቶ ወደ ራሷ ይመለሳል፣ ከራሷ ደግሞ ወደ ጉልበቷ። መጮኽዎ ካልቀረ «ቋሚውን እዪ!» ብለው ይጩኹ።

አንድ ሐቅ ግን ልጨምር፤ እርስዎ ባይጠይቁኝም። የ«ውጭ አስብ» ምርምር ራሱ በቅርቡ ተፈትሿል። ብራድ ማኬይና ባልደረቦቹ የወጡትን ጥናቶች ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ2024 ባሳተሙት ትንታኔ፣ ጥሩ ውጤት ያገኙት ጥናቶች እየተመረጡ ስለሚታተሙ ነገሩ ከሚባለው በላይ ገኗል ብለዋል። የቩልፍ ደጋፊዎች አልተስማሙም። እኔ ክርክሩን ቁም ነገር ብዬ ነው የያዝኩት። ስለዚህ ተአምር አልሸጥም። ለማይጎዳ፣ ገንዘብ ለማይጠይቅ፣ ሜዳ ላይ በሦስት ቀን ውስጥ መሞከር ለሚቻል ነገር ግን ማስረጃው ይበቃኛል። የጭን ጡንቻን ማጠንከርን ይተካል ያለኝ ሰው ካለ ግን ከእርስዎ ጋር ሆኜ እጮኽበታለሁ።

ትዕግሥት ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

ከርዕሱ ብወጣ ይቅርታ። አባቴ ስትሮክ መትቶት ግራ እጁ ደክሟል። እዚህ ያለችው ቴራፒስት መስታወት ሰጥታን በየቀኑ ይሥራ አለች፤ እሱ ግን «ሕፃን አደረጋችሁኝ» ብሎ አኮረፈ። ይሄም በሐሳብ መለማመድ የምትለው ዓይነት ነው? ይጠቅማል?

ፊዚዮ ገርጂ፦

ዘመዳሞች ናቸው፣ ይሄኛው እንዲያውም የበለጠ ማስረጃ አለው። መስታወቱ ጠረጴዛው ላይ ከደረቱ መሃል ይቆማል፣ የደከመው እጅ ከኋላው ይደበቃል፣ ደህናው እጅ ከፊት ሲንቀሳቀስ በመስታወቱ ውስጥ የደከመው የሚሠራ ይመስላል። የነርቭ ሳይንስ ተመራማሪው ራማቻንድራን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የጀመረው እጃቸው ተቆርጦ የሌለው እጅ ለሚያማቸው ሰዎች ነበር። ለስትሮክ ደግሞ የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግመው ኮክሬን የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው ግምገማ 62 ጥናቶችን ይዞ፣ ከሌላው ሕክምና ጋር ተጨምሮ ሲሠራ የእጅ እንቅስቃሴንም የዕለት ኑሮንም እንደሚያሻሽል ደምድሟል።

ለአባባ ግን «ጣትህን ክፈት፣ ዝጋ» አትበሉት፤ በዚያ እኔም አኮርፋለሁ። ሲኒ ያንሳ፣ ስኳር ያማስል፣ ጋዜጣ ይግለጥ። ሰዓቱንና ቀለበቱን ከደህናው እጅ አውልቁለት፤ መስታወቱ ውስጥ የሰው እጅ መስሎ ከታየው አይሠራም። አሥር ደቂቃ ተሠርቶ ከሰለቸው ይብቃው።

የቀኝ ክንፏ፦

ተለካሁ። ሰፈሬ ያለ ጂም አስተማሪና አንዲት ፊዚዮ አብረውኝ ነበሩ። በማሽኑ ቀኝ እግሬ የግራዬን 78 በመቶ ነው ያነሳው። ዝላዩ 91 ሆነ፤ እሷ እንዳለችው በዝላይ ሌላው አካል ይሸፍንለታል። መጠይቁ ላይ 44 አገኘሁ። ቁጥሩን ሳይ ማልቀስ ነበረብኝ መሰለኝ፣ ግን ቀለል አለኝ። ለአሰልጣኜም አሳየሁት፣ ዝም አለ። እርስ በርስ ጨዋታውን ላቁም እንዴ?

የድሮ አሰልጣኝ፦

ልጄ፣ በ78 እኔም አላስገባሽም ነበር። እጅ የማንሳቷን ልምምድ ለልጆቼ ሞክሬዋለሁ፣ ደህና ናት። መጮኼን ግን አልተውም።

ፊዚዮ ገርጂ፦

ግጥሚያውን አቁሚ፣ ሜዳውን ግን አትልቀቂ። ቀኝ ጭንሽን በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ በከባድ ክብደት፣ ለብቻው፤ በሁለት እግር ከሠራሽ ግራው ይሠራለታል። በሌላው ቀን ከቡድኑ ጋር ቅብብል፣ የእጅ ምልክቱ ልምምድ በግማሽ ፍጥነት፣ የሐሳብ ልምምዱን ደግሞ ታኬታሽን አድርገሽ። የቁም ሳጥኑን መስታወት ጨርቅ አልብሺው። ከስድስት ሳምንት በኋላ እንደገና ተለኪና የጭንሽንም የመጠይቁንም ቁጥር እዚሁ ጻፊልኝ። ጉልበትሽ በማግስቱ ካበጠ ግን ስድስት ሳምንት አትጠብቂ፣ ክብደቱን ቀንሺና ፊዚዮሽን አሳዪያት።